የባሌስትራው ጥናትና ተጠባባቂው ነፍሰ ጡር

መጪው ትውልድ በአድናቆት የሚያስታውሳቸው ታላላቅ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከትንሽ ነገር ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ታላቅ ሥራ የጀመረው ከአንዲት የተሰበረች ብረት ነው። ብረቷ የምትገኘው በብቸኛዋ ፒክአፓችን ሆድ ሥር፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ሲሆን መካኒኮች ባሌስትራ ይሏታል። ተደራርበው የታሰሩ፣ እንደ ቅንድብ ጎበጥ ያሉ ብረቶች ናቸው። መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ እነሱ ጎንበስ ቀና እያሉ የተሳፋሪውን ወገብ ያድናሉ። ከመካከላቸው አንዷ ተሰበረች። ሌላ ቦታ ቢሆን አንድ ሰው ጋራዥ ሄዶ አስቀይሯት ይመለስ ነበር። ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ችኮላ የለም።

እኔ የመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ በዓይኔ ያየሁትና በእጄ የጻፍኩት ነው። እጄን ባላመሰግን ግን ግፍ ይሆንብኛል፤ በዚያ ሰሞን የሠራ አካል ቢኖር እሱ ብቻ ነበር።

የፒክአፗ ሥራ በኮረብታው ላይ ካለው መንደር የታመመን ሰውና ምጥ የያዛትን እናት ወደ ከተማው ሆስፒታል ማውረድ ነው። ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮረኮንች ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሕመምተኛው ከኋላ፣ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝቶ ይወርዳል። ባሌስትራዋ ከተሰበረች ወዲህ የመኪናዋ የኋላ ክፍል ወደ መሬት ዝቅ ብሎ በየጉድጓዱ ከብረት ጋር ይጋጭ ጀመር። እግሩ ተሰብሮ የተጫነ አንድ ገበሬ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ እጁም ተሰብሮ ተገኘ።

አንድ ጠዋት የመንደሩ ጤና ኬላ አዋላጅ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት ሴት፣ በጭቃ ጫማዋ የሥራ አስኪያጁን ምንጣፍ ረግጣ ገባች።

“ጌታዬ፣ ታናሽ እህቴ መንታ አርግዛለች” አለች ሳትቀመጥ። “አንደኛው ልጅ ተጋድሟል። ሐኪሙ ምጥ ሳይጀምራት ወርዳ ሆስፒታል ትተኛ ብሏል። ወሩ ሳያልቅ መውረድ አለባት። በዚህች መኪና ግን እንደሆነችው ሆና ካወረድኳት መንገድ ላይ ነው የምትቀርብኝ። እባክዎ አንድ ባሌስትራ ያስጨምሩልኝ።”

ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ቆለፉ። ኮታቸውን የሚቆልፉት ነገር ሲገዝፍባቸው ነው፤ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገዝፍባቸዋል።

“ሲስተር፣ አንቺ ችግሩን ያየሽው ከእህትሽ አንጻር ነው። እኛ ደግሞ ከባሌስትራው አንጻር ማየት አለብን።”

“አንዲት ብረት እኮ ነች ጌታዬ።”

“አይደለችም። ይህ የኋለኛው ክፍል የንዝረት ማርገቢያ ሥርዓት ጉዳይ ነው” አሉ፤ ንግግሩ ለራሳቸውም ስለጣማቸው አንዴ ደገሙት።

በዚያው ቀን “የኋለኛው ክፍል የንዝረት ማርገቢያ አማራጮች ዋጋና ጥቅም አነጻጻሪ ኮሚቴ” ተቋቋመ። ሰብሳቢው ሥራ አስኪያጁ ናቸው። አባላቱ ግዢ ክፍሉ፣ ሾፌሩና እኔ ነን። ግዢ ክፍሉን ሦስት ዋጋ እንለዋለን፤ ከሦስት ቦታ ዋጋ ሳያሰባስብ መርፌም አይገዛም። ሾፌሩ በራሪው ይባላል፤ ይህ ቅጽል ስም ለምን እንደወጣለት ከኋላ የተጫነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲስተር የኮሚቴው አባል ልሁን ብላ ብትጠይቅ፣ ከመኪናዋ ጥቅም የምታገኝ በመሆኗ ለገለልተኝነት ሲባል ተከለከለች። በዚህ ዓይነት ኮሚቴው ከኋላ ተጭኖ ከማያውቅ ሰው ብቻ የተውጣጣ፣ ፍጹም ገለልተኛ አካል ሆነ።

የመጀመሪያው ስብሰባ የጋራዡን ባለቤት አስጠርቶ አዳመጠ። ሰውየው እጁን ሁልጊዜ በጨርቅ ይጠርጋል፤ እጁ ግን ቆሽሾ አይታወቅም።

“ሦስት አማራጭ አለ” አለ። “አንደኛው ባለው ላይ አንድ ባሌስትራ መጨመር ነው። ዋጋው የአንድ ጎማ ያህል ቢሆን ነው።”

“ጥቅሙስ?” አሉ ሥራ አስኪያጁ።

“ይሠራል።”

“ሌላስ?”

“ሌላማ ምን አለው? ይሠራል በቃ።”

የሥራ አስኪያጁ ፊት ቅዝዝ አለ። ሰውየውም ነጋዴ ነውና ወዲያው ገባው።

“ሁለተኛው በጋዝ የሚሠራው ሾክ አብዞርበር ነው። የአራት ጎማ ዋጋ ያወጣል። ጉድጓዱን መኪናዋ ትስማው እንጂ እርስዎ አይሰሙትም።”

“እህ፣ እንዲህ በል እንጂ። ሦስተኛውስ?”

የጋራዡ ባለቤት ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሦስተኛው የአየር ከረጢት ነው። ከባሌስትራው ጎን ይገጠማል። ሾፌሩ ካለበት ሆኖ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ይነፋል፤ ደግሞ ሲጫን ይተነፍሳል። ጭነት ሲበዛ ነፋ ነው፣ ሲያንስ ተንፈስ ነው።”

“ዋጋው?”

ሰውየው ዋጋውን በአፉ መናገር ፈርቶ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አቀበላቸው። ሥራ አስኪያጁ አዩትና ወረቀቱን በግንባሩ ደፉት።

“ዋጋው ይህን ያህል ከሆነ” አሉ በመጨረሻ፣ “ጥቅሙማ ከባድ መሆን አለበት።”

“ከኋላ ከፍ ያደርጋታል?” አለ ሾፌሩ።

“ሌላ መኪና ነው የምትመስለው።”

“እንግዲያው የእኔ ድምፅ ለከረጢቱ ነው። ዝቅ ብላ ስትሄድ ሰው ይስቅብኛል።”

ሦስት ዋጋ ጉሮሮውን ጠረገ። “ለእያንዳንዱ አማራጭ ከሦስት ቦታ ዋጋ መምጣት አለበት።”

“በከተማው ያለው ጋራዥ እኮ የኔ ብቻ ነው” አለ ሰውየው።

“እንግዲያው አንተው ሦስት ጊዜ ትጠየቃለህ።”

ሦስት ጊዜ ተጠየቀ። ሦስት የተለያየ ዋጋ ሰጠ፤ የመጨረሻው ከሁሉም በለጠ። በውድድሩም ራሱን በራሱ አሸንፎ ወጣ። ሦስት ዋጋ በዚያን ዕለት ደስታው በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ በአገልግሎት ዘመኑ እንዲህ የጠራ ጨረታ አይቶ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ማነጻጸሩ በምን ይደረግ የሚል ነው። ተራ ሰው ቢሆን አንዱን ገጥሞ ይሞክራል፣ ከዚያ አውልቆ ሌላውን ይገጥማል። ሥራ አስኪያጁ ግን ጊዜ ቆጣቢ ሰው ናቸው።

“ለምን ባንድ ጊዜ አናነጻጽራቸውም?” አሉ። “በቀኝ ጎማ በኩል ባሌስትራውን፣ በግራ ጎማ በኩል ከረጢቱን እንግጠም። በአንድ ጉዞ ሁለቱም ይታያሉ።”

ብዕሬ ቆመ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለሰው ልጅ በዘመኑ አንዴ ይመጣለታል፤ ለአንዳንዱም ጨርሶ አይመጣለትም።

“ሾክ አብዞርበሩስ?” አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ መኪናዋን በመስኮት አዩዋት፤ ሦስተኛ ጎን የላትም። ስለዚህ ሾክ አብዞርበሩ በቦታ ጥበት ምክንያት ከውድድሩ ተሰናበተ።

“በአንድ መኪና ላይ ሁለት ዓይነት መግጠም...” አለ የጋራዡ ባለቤት አገጩን እያሻሸ።

“አይቻልም?”

“ኧረ ከተከፈለ ምን የማይቻል አለ ጌታዬ!”

መኪናዋ ከጋራዥ ስትወጣ በግራ ከፍ፣ በቀኝ ዝቅ ብላ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆማ ያያት ሰው አንድ ነገር ለማዳመጥ ጆሮዋን የጣለች ይመስለዋል። ሲስተር ይህን ጊዜ ሁለተኛ መጣች።

“መኪናዋ ተሠራች?”

“በከፊል” አልኳት።

“ምን ሆና ነው የምትንጋደደው?”

“እያነጻጸረች ነው።”

ሲስተር መኪናዋን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። “ብትንጋደድም ግድ የለኝም። እህቴን ታውርድልኝ።”

ነገሩን ለሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ። ደንቡ በጥናት ላይ ያለ ተሽከርካሪ ተሳፋሪ እንዳይጭን ያግዳል የሚል መልስ ተሰጣት። ለምን ብላ ብትጠይቅ፣ ተሳፋሪዋ አንድ ነገር ብትሆን በጥናቱ ውጤት ላይ ጥላ እንደሚያጠላ ተገለጸላት። እኔም ይህንኑ በሚገባ ቋንቋ ጽፌ ሰጠኋት። ሳታነበው አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አሁን ለሙከራው ከኋላ የሚተኛ ሰው ተፈለገ። እውነተኛ ነፍሰ ጡር መጠቀም ከሥነ ምግባር ውጭ ስለሆነ አንድ ከረጢት አሸዋ ቀረበ፤ ነገር ግን አሸዋ አስተያየት መስጠት አይችልም። ተወካይ እናት መመደብ ግድ ሆነ። የሁሉም ዓይን ቀስ እያለ ሄዶ የሦስት ዋጋ ቦርጭ ላይ አረፈ።

“እኔ?” አለ።

“በደብዳቤ ነው የምትመደበው” አሉት ሥራ አስኪያጁ። “በተጠባባቂ ነፍሰ ጡርነት።”

ደብዳቤ ሲባል ሦስት ዋጋ ቀና አለ። “ከመደበኛ ሥራዬ ጋር ደርቤ ነው?”

“ደርበህ ነው።”

“የኃላፊነት አበሉስ?”

“ይታሰባል።”

“የስንት ወር ነኝ?”

ይህ በጥናቱ ዕቅድ ያልታየ ነጥብ ስለነበር ኮሚቴው በሰፊው ተወያየበት። ሾፌሩ ሰባት አለ። ሥራ አስኪያጁ፣ መሥሪያ ቤቱ ሥራ በጅምር እንደማይተው አስረድተው፣ ዘጠነኛ ወር እንዲሆን ወሰኑ።

“ዘጠነኛ ወር ከሆንኩማ ቢሮ መግባትም አልነበረብኝ” አለ ሦስት ዋጋ፤ ባርኔጣውን አንስቶ በእርጋታ፣ ወገቡን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ተጠባባቂ የሆነ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሹመቱን እንዲህ አክብሮ የያዘ ግን አላየሁም። በነጋታው ወንበሩ ላይ ትራስ አስደረገ። ደረጃ አልወጣም ብሎ ስብሰባው ምድር ቤት ወረደለት። የመኪና ጭስ ይሸተኛል ብሎ ሾፌሩን ከአጠገቡ አስነሳው፤ ብርቱካን አማረኝ ብሎ ተላላኪውን ላይ ታች አስሮጠው። በሳምንቱ ሚስቱ ቢሮ ድረስ መጥታ አቤት አለች።

“ሦስት ልጅ ስወልድለት አንድ ብርጭቆ ውሃ አላቀበለኝም” አለች ሥራ አስኪያጁ ፊት። “ዛሬ ግን ማታ ማታ እግሬ አብጧል፣ እሺልኝ ይለኛል! ምንድነው ያደረጋችሁት?”

አቤቱታዋ በጥሞና ተደምጦ ከምደባ ደብዳቤው ጋር ስለሚጋጭ ውድቅ ሆነ።

የሙከራው ዕለት ወደ ኮረብታው ወጣን። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር፣ ተጠባባቂው ነፍሰ ጡር ደግሞ ፍራሽ ላይ። ዕቅዱ ከመንደሩ ተነስቶ እስከ አስፋልቱ እየወረዱ ንዝረቱን መመዝገብ ነበር። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ገጠመን። ጉድጓዶቹ የሉም።

ነገሩ ኋላ ተጣርቶ ሲታይ እንዲህ ነው። የሲስተር እህት ባል መኪናዋ አለመሠራቷን ሰምቶ፣ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ ወንድ ሴቱ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ከመንደሩ እስከ አስፋልቱ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በድንጋይና በአፈር ደፍነው፣ ጠቅጥቀው አስተካክለውታል። አንድም ስብሰባ አላደረጉም። አንድም ሰነድ የላቸውም። ፈጽሞ ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነበር።

መኪናዋ እየተንሸራተተች ወረደች። አስፋልቱ ጋ ስንቆም ሥራ አስኪያጁ ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ።

“በግራ በኩል፣ በከረጢቱ በኩል ምን ተሰማህ?”

“ወደ ግራ አልሄድኩም ጌታዬ” አለ ሦስት ዋጋ ዓይኑን እያሻሸ። “መኪናዋ ዘንበል ስላለች ወደ ቀኝ ተንከባልዬ ነው የቀረሁት።”

“በቀኝስ ምን ተሰማህ?”

“እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።”

ሥራ አስኪያጁ በአንድ እጃቸው የመኪናዋን ጠርዝ ያዙ። የሳምንታት ሐሳብ ዓይናቸው እያየ ገደል ገባ። ነገሩን ለማጣራት ወደ መንደሩ ተመለስን፤ ሲስተር በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። እህቷ ከጎኗ ተቀምጣለች። ፊቷ ያበጠ፣ ልጅ እግር ሴት ነች። ልብሷ በነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ ጭኗ ላይ አለ።

“ይኸው” አለች ሲስተር። “መንገዱ ተስተካከለ። መኪናዋ ቆማለች። እህቴ ተዘጋጅታለች። እንግዲህ ምን ቀረ?”

“ውጤቱ ነዋ!” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “ንዝረት ሳይኖር ንዝረት ማርገቢያ እንዴት ይነጻጸራል? ይህ እኮ ጥናቱን ማደናቀፍ ነው!”

“ለሚስቴ ብለን ነው ጌታዬ” አለ ባልየው፤ ዶማው እጁ ላይ ነበር።

“ለሚስትህ ብለህ የጥናት መስክ ታጠፋለህ?”

ባልየው ይቅርታ ጠየቀ። ለምን እንደጠየቀ እንኳ የገባው አይመስለኝም፤ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ይቅርታ ይጠየቃል።

በማግስቱ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ “የነባር ጉድጓዶች መልሶ ማቋቋም ሥራ” የሚለውን ውሳኔ በሙሉ ድምፅ አሳለፈ። ቆፋሪ ማሽን ተከራየን። የኪራዩ ወጪ ከሦስቱም አማራጮች ድምር በለጠ፤ ነገር ግን ወጪው የጉድጓድ እንጂ የባሌስትራ ስላልሆነ ንጽጽሩን አይነካውም። የጉድጓዶቹን ጥንታዊ ይዞታ የመሰከረው ሾፌሩ ነበር። እያንዳንዱን እንደ ዘመዱ ያውቀዋል።

“እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ነበረ” ይላል በእግሩ እያሳየ። “ትልቅ ስልህ! አንዴ ገብቼበት ጥርሴን ያነቃነቀው ነው።”

ማሽኑ ይቆፍራል።

“ኧረ ከዚህም ይጠልቅ ነበር” ይላል በራሪው።

ማሽኑ ደግሞ ይቆፍራል። በዚህ ዓይነት እያንዳንዱ ጉድጓድ በሾፌሩ ልብ ውስጥ በነበረው መጠን እንደገና ተወለደ። አንዳንዱ ሰው ቆሞ ቢገባበት ደረቱ ድረስ ይውጠዋል። የመንደሩ ሰው ከዳር ቆሞ ያይ ነበር። ባልየው ጠቅጥቆ ያስተካከለው አፈር በማሽን እየተዛቀ ሲጣል ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። እውነቱን ለመናገር ፊቱን ማየት አቃተኝ። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ የቃለ ጉባኤዬን ርዕስ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩበት።

ሁለተኛው ሙከራ፣ ከቁፋሮው አስቀድማ ወደ መንደሩ በወጣችው መኪና፣ በደመና ቀን ተካሄደ። ሾፌሩ ለክብሩ ብሎ የግራውን ከረጢት እስከ ጥግ ነፋው። መኪናዋ ከቀድሞው ይልቅ ወደ ቀኝ አዘመመች። ተጠባባቂው ነፍሰ ጡር የጎን ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። ከመንደሩ ወጣ እንዳልን የመጀመሪያው መልሶ የተቋቋመ ጉድጓድ መጣ። የቀኝ ጎማ ገባ። ድሮም ያዘመመች መኪና ሌላ ግፊት አልፈለገችም፤ ቀስ ብላ፣ ሰው በጎኑ እንደሚጋደም፣ ጉድጓዱ ላይ ጋደም አለች። እኛ በግራ በር ተጎትተን ወጣን። ሦስት ዋጋ ግን ከነፍራሹ ተወርውሮ ከተዛቀው አፈር ላይ አረፈ።

“ወገቤን! ወገቤን!” ብሎ ጮኸ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ልጄን!” አለ።

ሥራ አስኪያጁ “መዝግብ” ሲሉኝ ከላይ፣ ከመንደሩ በኩል ሌላ ጩኸት ሰማን። ይኼኛው የተጠባባቂ ጩኸት አልነበረም። አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየወረዱ ነው፤ ባልየው፣ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና የባልየው አባት። ሲስተር ከጎን የእህቷን እጅ ይዛ ትሮጣለች። ምጡ ጀምሯል።

አጠገባችን ሲደርሱ ሽማግሌው ትንፋሽ አጥሯቸው ጉልበታቸው ታጠፈ። ቃሬዛውን መሬት አሳረፉት። ሦስት ዋጋ ቃሬዛ ሲያይ ተጽናና።

“እኔን አስቀድሙኝ” አለ። “በደብዳቤ የተመደብኩ ነኝ።”

ሲስተር አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ ወገቡን ጫን ጫን አደረገችው። “ተላልጠሃል እንጂ ምንም አልሆንክም። ተነስ!”

“ዘጠነኛ ወሬ ነው እኮ!”

“ወልደሃል! ተነስ ብዬሃለሁ!”

ተነሳ። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ከተጠባባቂነቱ እንዲህ በቶሎ የተነሳ ሰው የለም።

በዚህ መካከል ሥራ አስኪያጁ ቃሬዛውን በፍቅር ዓይን ይመለከቱ ነበር። ሲመጣ አስተውለውታል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሲወርድ አንዴም አላንገጫገጨም። ኮታቸውን ቆለፉ።

“አያችሁ?” አሉ። “ወጪው ምንም! መለዋወጫ አይጠይቅም! በቀኝም በግራም እኩል ነው! ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጻፍ፤ አራተኛ አማራጭ፣ ትከሻ። ከሁሉም ብልጫ ያለው ሆኖ ተገኝቷል።”

ጻፍኩ። እህትየው ከንፈሯን ነክሳ ስታቃስትም ጻፍኩ።

“ተቀብለናል” አለች ሲስተር። “ግን አንድ ትከሻ ጎድሎናል። ሽማግሌው አይችሉም። እኔ እጄ ከሷ መለየት የለበትም።”

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሾፌሩ ዞሩ።

“መኪና ጥሎ መሄድ ክልክል ነው” አለ በራሪው፤ ይህን ብሎ ከተጋደመችው መኪና ጋ ተጠጋ።

ወደ ሦስት ዋጋ ዞሩ።

“እኔ አራስ ነኝ ጌታዬ።”

ወደ እኔ ዞሩ። ብዕሬን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። እኔ ከተሸከምኩ መሸከሜን ማን ይጽፈዋል? ነገሩ ገባቸው፤ የሥርዓት ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚዞሩበት ሰው አልነበረም።

“የፊቱ ቦታ ነው ክፍት የሆነው ጌታዬ” አለ ባልየው በአክብሮት። “ለእርስዎ የሚመጥን ነው።”

ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን ፈቱ፤ ሲፈቱት አይቼ አላውቅም። የቃሬዛውን እንጨት ትከሻቸው ላይ አኖሩና ጉዞ ተጀመረ።

መንታዎቹ በዚያው ቀን ሆስፒታል ደርሰው በሰላም መወለዳቸውን እዚሁ ልንገራችሁ፤ እናታቸውን አስፋልቱ ላይ ባገኘነው አትክልት የጫነ መኪና አሳፍረናት ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሐሳብ የያዘው አንባቢ የሥራ አስኪያጁን አረማመድ በደንብ አያደንቅልኝም ብዬ ነው። አረማመዳቸው ሊደነቅ የሚገባ ነበር። በመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው፣ በሁለተኛው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ሦስተኛው ጋ ጫማቸው ቀረ።

“ቀጥ አድርጉ! እንዳይነቃነቅ!” ትላለች ሲስተር።

“ሲስተር፣ ትከሻዬ! ትከሻዬ ተላጠ!”

“ትከሻዎ ጥናት ላይ ነው። አስተያየቱን ኋላ ይሰጣል።”

አንዷ ጎረቤት ሳቀች። እህትየውም በምጧ መካከል የሳቀች መሰለኝ፤ ምናልባት ማቃሰት ይሆናል።

አስፋልቱ ሊታይ ሲል፣ ሾፌሩ ጥርሱን አነቃነቀው ካለው ጉድጓድ ደረስን። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይዞታል፤ መዞሪያ የለውም። ከመግባት በቀር ምርጫ አልነበረም። አራቱም ቃሬዛውን ከትከሻ አንስተው በእጃቸው ከራስ በላይ ይዘው ገቡ። ጉድጓዱ እስከ ደረታቸው ዋጣቸው። ከላይ ሲታይ እጆችና ቃሬዛ ብቻ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ከጥልቁ ውስጥ ሆነው፣ ላብ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ በሕይወታቸው ሙሉ ያልወጣቸውን ድምፅ አወጡ።

“ይህን ጉድጓድ ያስቆፈረው ማነው? ነፍሰ ጡር በሚወርድበት መንገድ ላይ! ማነው ይሄ አረመኔ? አሁኑኑ ከሥራ እንዲባረር! ቃለ ጉባኤ ያዥ! ስሙን ጻፍ!”

እኔም ሥራዬ ስለሆነ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሜ፣ ከቁፋሮው ውሳኔ ላይ የሰብሳቢውን ሙሉ ስምና ማዕረግ ጮክ ብዬ ከነፊርማው አነበብኩላቸው። ከዚያም በደንቡ መሠረት ስንብቱን የሚደግፍ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅሁ።

ባልየው ሁለት እጁን አውጥቷል። ሁለቱ ሴቶችም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ እስከቻሉት ድረስ ከፍ አድርገው አውጥተዋል። ቢያወርዱት ቃሬዛው ይወድቃል።

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብዬ ጻፍኩ።